«ፊት ለፊት እያየሁ አላየኋትም»

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የሚወርደውን መንገድ ለሚያውቅ ሰው ስለ ሊማሊሞ ማብራራት አያስፈልግም። ለማያውቀው ግን፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ከገደሉ ፊት ላይ ፈልፍሎ ያወጣው፣ አንዱ ኩርባ ሳያልቅ ሌላው የሚጀምርበት፣ በአንድ በኩል ግድግዳ የመሰለ ቋጥኝ፣ በሌላው በኩል ባዶ አየር ያለበት ቁልቁለት ነው። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ጋቢ ተከናንቦ የተነሳ መንገደኛ፣ ዛሪማ ቆላ ሲደርስ የሸሚዙን ቁልፍ መፍታት ይጀምራል።

በቅርቡ በዚያ መንገድ የወረድኩት በቅጥቅጥ ነበር። ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን አንድ ሽማግሌ፣ ከእሳቸው ቀጥሎ በመስኮቱ በኩል እኔ። ሽማግሌው የአካባቢው ሰው ናቸው። ገና ሁለት ሦስት ኩርባ እንደወረድን በጣታቸው ወደ ገደሉ ጠቆሙና «ጭላዳውን አየኸው?» አሉኝ። አየሁ። ድንጋይ ነው። ደረቅ ሣር ነው። «የቱ ጋ አባቴ?» «ያውልህ እንጂ! መንጋ እኮ ነው።» አሁንም ድንጋይ። ሰውዬው ትንሽ ተገረሙ መሰለኝ። ከዚያ አንድ ነገር አሉኝ፤ «ዝንጀሮውን አትፈልግ። ቀዩን ፈልግ።» የጭላዳ ደረት ላይ ጠጉር የሌለው ቀይ ቦታ አለ። ቀዩን ስፈልግ አንዱ ብቅ አለ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ከዚያ ገደሉ በሙሉ ዝንጀሮ ሆነ። ድንጋይ ነው ያልኩት ግማሹ ሣር እየነጨ ነበር።

ይህን በመሰለ ደስታ ላይ እያለሁ ነው ነገሩ የመጣው።

ሾፌሩ ወጣት ነው፤ ግን ቸኩሎ የሚነዳ ዓይነት አልነበረም። እያንዳንዱ ኩርባ ላይ ክላክስ ያደርጋል፣ አንገቱን ያሰግጋል፣ ከወዲያ የሚመጣ ሲኖትራክ ወይም አይሱዙ እንደሌለ ያረጋግጣል፣ ከዚያ ይታጠፋል። አንዱን ኩርባ እንዲሁ አድርጎ ታጥፎ መኪናው ቀጥ ሲል «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማን። ማገዶ የተጫነች አህያ ከመንገዱ ጠርዝ ቆማ ኖሯል፤ መኪናው የጎኗን ጭነት ልጦት አለፈ። እንጨቱ መንገዱ ላይ ተበተነ። አህያዋ፣ ተመስገን ነው፣ ከመደንገጥ በቀር ምንም አልሆነችም። አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ባለቤቷ ከቋጥኙ ስር ሮጦ ወጣ። እሱ ከአህያዋ በዚህ በኩል ቆሞ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር።

ከኋላ ጫጫታው ተነሳ። «ዓይንህን ምን ጋረደህ?» «አህያ የሚያህል ነገር እንዴት አይታይም?» «ስልክ ያወራ ነበር!» አላወራም ነበር፤ እኔ አጠገቡ ነበርኩ። ሾፌሩ ፊቱ አመድ መስሏል። «እናቴን! አላየኋትም።» «ፊት ለፊትህ ቆማ?» «ፊት ለፊት እያየሁ ነበር። ግን አላየኋትም።»

ማንም አላመነውም። እንጨቱ ተሰብስቦ ተጫነ፣ ልጁ የተወሰነ ብር ተሰጠው፣ ወረድን። ዛሪማ ምሳ እየበላን ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ። እኔስ? እኔም የተቀመጥኩት በዚያው መስታወት ፊት ነው። ከእሱ የምለየው መሪ አለመያዜ ብቻ ነው። ታዲያ እኔም አህያዋን አላየኋትም።

ሾፌሩ እውነቱን ሊሆን እንደሚችል ለመረዳት ከዓይን መጀመር ይሻላል። እጃችሁን ዘርጉና አውራ ጣታችሁን ተመልከቱ። ዓይናችን አጥርቶ የሚያየው የዚያን ጣት ስፋት የሚያህል ቦታ ብቻ ነው። ሌላው በሙሉ ብዥ ያለ ነው። ብዥታው የማይታወቀን ዓይናችን በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ከቦታ ቦታ ስለሚዘልና አእምሯችን ቁርጥራጩን ሰፍቶ አንድ ሙሉ ሥዕል ስለሚያቀርብልን ነው። ቀጥሎ የት ይዝለል የሚለውን በአመዛኙ የሚወስነው ደግሞ የምንፈልገው ነገር ነው። ሾፌሩ የሚፈልገው የሲኖትራክ አፍንጫ ነበር። ግዙፍ፣ ተንቀሳቃሽ፣ በመንገዱ መሐል የሚመጣ። ግራጫ ቋጥኝ ስር የቆመች፣ የማትንቀሳቀስ ግራጫ አህያ ከዚያ ሥዕል ጋር በምንም አትመሳሰልም። እኔ ደግሞ ቀይ ደረት እፈልግ ነበር።

ምናልባት «ዓይኑ አርፎባት ቢሆን ኖሮ ያያት ነበር» ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ዳንኤል ሲመንስና ክሪስቶፈር ቻብሪስ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያደረጉት ሙከራ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይታወቃል። ነጭ የለበሱና ጥቁር የለበሱ ልጆች ኳስ ሲቀባበሉ የሚያሳይ አጭር ፊልም አለ፤ ተመልካቹ የነጮቹን ቅብብል እንዲቆጥር ይታዘዛል። በመሐል የጎሪላ ልብስ የለበሰች ሴት ገብታ፣ ተጫዋቾቹ መሐል ቆማ፣ ደረቷን ደብድባ ትወጣለች። ቆጠራው ሲያልቅ «ጎሪላ አይታችኋል?» ሲባሉ ግማሽ ያህሉ «የምን ጎሪላ?» አሉ። ፊልሙ ተመልሶ ሲታይላቸው «ይሄ ሌላ ፊልም ነው» ብለው የሚከራከሩም አልጠፉም።

ይህን ሰምቶ «ተራ ሰዎች ስለሆኑ ነው፣ ባለሙያ ቢሆን አያመልጠውም» የሚል አለ። ለእሱ ደግሞ የ2013ቱ ጥናት መልስ አለው። በአሜሪካ 24 የራጅ ሐኪሞች ተቀምጠው፣ በሳንባ ምስል ውስጥ የካንሰር ምልክት ሊሆን የሚችል ትንንሽ እብጠት እንዲፈልጉ ተደረገ። በመጨረሻው ታካሚ ምስል ውስጥ አጥኚዎቹ ከእብጠቱ 48 እጥፍ የሚተልቅ የጎሪላ ሥዕል ከተው ነበር። ከ24ቱ ሐኪሞች 20ዎቹ አላዩትም። ይህም ይሁን። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ግኝት ነው። የዓይናቸውን እንቅስቃሴ የሚከታተለው መሣሪያ እንደመዘገበው፣ ጎሪላውን አላየንም ካሉት አብዛኞቹ ዓይናቸው በቀጥታ ጎሪላው ላይ አርፎ ነበር።

ፊት ለፊት እያየሁ ነበር፤ ግን አላየሁትም። የእኛ ሾፌር ቃል በቃል።

እዚህ ላይ የአማርኛን ብልሃት ሳላደንቅ አላልፍም። ቋንቋችን ይህን ነገር ላቦራቶሪ ሳይገባ ያወቀው ይመስለኛል። ማየት አንድ ነገር ነው፤ ልብ ማለት ሌላ። «አይቼዋለሁ፣ ግን ልብ አላልኩትም» ስንል ሥራውን በትክክል ለሁለት ከፍለን ነው። ዓይን ሥራውን ሠርቷል፤ ልብ ግን አልነበረም። እናቶቻችን «ልብህ የት ሄዶ ነው?» ሲሉን «ዓይንህ የት ነው?» ከማለት ይበልጥ ትክክል ነበሩ። በጋቢናው ጫጫታ ውስጥ ግን ማንም ስለ ልብ አልጠየቀም፤ ሁሉም የጠየቀው ስለ ዓይን ነው።

ልብ ማለት አንድን ነገር እንድናይ ወይም እንዳናይ ብቻ አይደለም የሚያደርገን። ያየነው ነገር ራሱ እንዴት ሆኖ እንደሚታየንም ይለውጠዋል። በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ማሪሳ ካራስኮና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ ሁለት እኩል የደመቁ መስመሮች ጎን ለጎን ሲቀርቡ፣ ሰው ዓይኑን ሳያነቃንቅ ልቡን የሰጠው መስመር ደምቆ ይታየዋል። መስመሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ተመልካቹ ነው። አን ትሬይስማን የተባለች ተመራማሪ ደግሞ ከጋሪ ጌላድ ጋር በ1980 ያቀረበችው ሐሳብ አለ። እንደ እሷ አባባል ቀለምን፣ ቅርጽን፣ አቅጣጫን አእምሯችን ለየብቻ ይቀበላል፤ እነዚህን አስሮ «ይህ ዝንጀሮ ነው» የሚያሰኘን ልብ ማለት ነው። በአንድ ምልክት ብቻ፣ ለምሳሌ በቀይ ቀለም፣ የሚለይ ነገር ግን ከመቶ ነገር መሐል ራሱ ዘሎ ይወጣል። ሽማግሌው «ዝንጀሮውን ተው፣ ቀዩን ፈልግ» ሲሉኝ የነገሩኝ ይኼንኑ ነበር። እሳቸው የተማሩት ግን ከብት ሲጠብቁ ነው።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የሄደ ሰው ይህን በየሰዓቱ ያየዋል። ውድ አጉሊ መነጽር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ጎብኚ ሸለቆውን አስሶ አስሶ «ምንም የለም» ይላል። አሮጌ ጠመንጃ ትከሻው ላይ ያደረገው ስካውት ያለ መነጽር «ያቻት ዋልያ፣ ከሥሯ ግልገል አለ» ይላል። የስካውቱ ዓይን የተለየ ሆኖ አይደለም። ዋልያ ከሩቅ ዋልያ መስሎ እንደማይታይ ያውቃል። የሚፈልገው የቀንድ ጥምዝ ነው፤ ከቋጥኙ ቀለም ትንሽ የሚለይ የገብስማ ጥላ ነው፤ ማለዳ ፀሐይ የሚሞቅበትን የገደል ጠርዝ ነው። ቦታውንም ቅርጹንም አስቀድሞ በልቡ ይዞታል። ዋልያ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም። ፓርኩም ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ሰፍሮ ቆይቷል። ስንት ዋልያ ቀረ የሚለው ቁጥር የሚመጣው ደግሞ በየገደሉ አፋፍ ተቀምጠው ከሚያዩ ሰዎች ነው። የሚያይ ዓይን ያለው ስካውት ጡረታ ሲወጣ ምን ያህል ነገር ይዞ እንደሚሄድ አስቡት።

በአገራችን ከተደረጉ ጥናቶች አንዱ እዚህ ጋ መነሳት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1972 ያን ዴሬጎቭስኪ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁርና ሙልድሮው የተባሉ ሁለት ባልደረቦቹ፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሥዕል እምብዛም አይተው ለማያውቁ የምዕኒት ሰዎች የእንስሳት ሥዕል አሳይተው ነበር። ከዚያ በፊት በወረቀት ሥዕል ሲቀርብላቸው ብዙዎቹ ልብ ያሉት ሥዕሉን ሳይሆን ወረቀቱን ነው። አሸተቱት፣ ጨመደዱት፣ ድምፁን አዳመጡት። እንግዳ የሆነባቸው ወረቀቱ ስለሆነ ልባቸው እዚያ ሄደ። ስለዚህ አጥኚዎቹ የሚዳቋና የነብር ሥዕል በሚያውቁት ጨርቅ ላይ በትልቁ አቀረቡ። አሁን አብዛኞቹ እንስሳቱን ለዩ፤ ግን በአንዴ አይደለም። ጅራት ነው፤ እግር ነው፤ ቀንድ ነው እያሉ፣ ቁራጭ በቁራጭ ገጣጥመው።

ይህን ጥናት «ሥዕል አያውቁም» ለማለት ሲጠቅሱት የሚሰማ አለ። ለእኔ ግን ተቃራኒውን ነው የሚነግረኝ። እኔ ሊማሊሞ ላይ ያደረግሁት ምንድን ነው? ቀይ ነው፤ ጎፈር ነው፤ አሃ፣ ዝንጀሮ ነው። መጀመሪያ ጊዜ የራጅ ፊልም ብርሃን ላይ ተሰቅሎ ያየ ሰው ሁሉ ምዕኒት ነው። ሐኪሙ «ያውልህ» ይላል፣ እኛ ጭጋግ እናያለን፣ አንገታችንን እንነቀንቃለን።

ዛሪማ የበላንበት ቤት ጓሮ አንዲት ሴትዮ ሰፌድ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ምስር ይለቅሙ ነበር። ከጎናቸው ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ላግዝ ሞከርኩ። እሳቸው ወሬ እያወሩ ጠጠሩን ቀጭ ቀጭ እያደረጉ ያወጣሉ፤ እኔ አፍጥጬ አንድ አገኘሁ። «የዚህ ዓመቱ ንጹሕ ነው» አሉኝ፤ ከዚያ አንድ ነገር ጨመሩ። «ንጹሕ ሲሆን ነው ጥርስ የሚሰብረው። ጠጠር የበዛበት ምስር ጥርስ አይሰብርም።»

በአጋጣሚ ይህም ተጠንቷል። ጄረሚ ዎልፍና ባልደረቦቹ በ2005 እ.ኤ.አ. ሰዎችን በአየር ማረፊያ የሻንጣ ፍተሻ ዓይነት ሥራ ላይ አስቀመጡ። የሚፈለገው ነገር ከሁለት ምስል በአንዱ ሲገኝ፣ ፈላጊዎቹ የሳቱት 7 በመቶ ያህሉን ነው። ከመቶ ምስል በአንዱ ብቻ እንዲገኝ ሲደረግ ግን 30 በመቶውን ሳቱ። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ ሻንጣውም ያው ነው። ብዙ ጊዜ ፈልጎ ያላገኘ ልብ «የለም» ማለትን ይለምዳል፤ ፍለጋውንም ቶሎ ያቆማል።

ይህ ቆላ ለሚኖር ሰው የምስር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ወባ ባለበት አገር ጤና ጣቢያ ውስጥ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ በማይክሮስኮፕ የደም ናሙና ያያል። የወባ ተውሳኳን የሚያያት አንድ ሺህ ጊዜ ያህል አጉልቶ ነው። «ወባ የለም» ብሎ ከመጻፉ በፊት ቢያንስ መቶ የእይታ ቦታ ማየት እንዳለበት መመሪያው ያዛል። በክረምት ማግስት፣ ወባው በሚበረታበት ሰሞን፣ ተውሳኳን በየናሙናው ያገኛታል፤ ልቡ ነቅቷል። ወባው ጋብ ሲልስ? ከቀን እስከ ቀን «የለም፣ የለም፣ የለም»። ያን ጊዜ የመጣችው አንዲት ትኩሳታም ሕፃን፣ ተውሳኳ ሰማንያኛው ቦታ ላይ ያለባት፣ ከባለሙያው ስንፍና ሳይሆን ከሰው ልብ ጠባይ ጋር ነው የምትጋፈጠው። መቶ ቦታ ይታይ የሚለው ሕግ ለዚህ ነው የሚጠቅመው። «በደንብ አይቻለሁ» የሚል ስሜት ከየት እንደሚመጣ አናውቅም፤ መቶ ግን መቶ ነው። ሁለተኛ ሰው ናሙናውን ደግሞ ቢያየው ደግሞ የበለጠ ነው።

ወደ ሾፌሩ ልመለስ። እውነቱን ነው ማለቴ ጥፋት የለበትም ማለቴ አይደለም። ያች አህያ ልጅ ብትሆን ኖሮ «አላየሁትም» ለእናትየው ምን ይሆናታል? ነገር ግን «ዓይንህን ክፈት» የሚል ስድብ ዓይኑን ከፍቶ ለነበረ ሰው ምንም አያስተምረውም። ከዚያ ይልቅ ምን እንደሚፈልግ ብንነግረው ይጠቅመዋል። ከኩርባው ወዲያ መኪና ብቻ አትፈልግ፤ ጠርዙን ፈልግ፤ የማይንቀሳቀሰውን ፈልግ፤ የቋጥኝ ቀለም ያለውን ፈልግ። ገበያ ቀን ከሆነ ደግሞ አህያ ራሷን ፈልግ። መንጃ ፈቃድ ስንወስድ ምልክት ያሸመድዱናል። ፍለጋ ግን ያስተማረን የለም። ለመፈለግ ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ዓይን በሰከንድ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የሚዘለው፤ ፍጥነት መቀነስ ማለት ለዓይን ተጨማሪ ዝላይ መስጠት ነው።

ስልኩንም ከኋላ የጮኸው ሰውዬ ያለ ቦታው ቢያነሳውም ነገሩ ራሱ ከንቱ አይደለም። ብዙ ሾፌር «እኔ በማዳመጫ ነው የማወራው፣ እጄም ዓይኔም ነጻ ነው» ይላል። በዩታ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ስትሬየርና ባልደረቦቹ በ2003 እ.ኤ.አ. ይህንን በመንዳት ማስመሰያ ፈትነውታል። በማዳመጫ ሲያወሩ የነበሩ ሰዎች፣ ዓይናቸው በቀጥታ ያረፈበትን የመንገድ ዳር ማስታወቂያ እንኳ የሚያስታውሱት ከማያወሩት በእጅጉ ባነሰ ሁኔታ ነው። እጅና ዓይን ነጻ ናቸው። ልብ ግን ከስልኩ ወዲያ ካለው ሰው ጋር ናት።

እኛ የወረድንበት መኪና ረዳት ከኋላ በር ላይ ነበር የሚቆመው። ምሳ ላይ ሾፌሩ ጠራውና «ነገ ስንወጣ ጋቢና ግባ። አንተ ዳሩን ብቻ እይልኝ፣ እኔ መሐሉን አያለሁ» አለው። ሽማግሌው ሰምተው «አሁን ልብ ገዛህ» አሉት። ብዙ ያወራሁት እኔ ይህን የመሰለ መፍትሔ አልመጣልኝም ነበር።

በማግስቱ ያው መኪና ላይ ወጣሁ። ረዳቱ ጋቢና ስለገባ እኔ ከኋላ፣ መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። አህያዋ የቆመችበትን ኩርባ ደግሜ ለማየት ቆርጬ ነበር፤ ከመኪናው በኩል ምን ያህል ትታይ እንደነበር መመዘን ፈልጌ። ግማሽ መንገድ ላይ ስንደርስ ግን ገደሉ ላይ ጭላዳዎቹ ወጡ። አሁንማ ባለሙያ ሆኛለሁ፤ ያለ ማንም እርዳታ አሥራ ሰባት ቀይ ደረት ቆጠርኩ። ደባርቅ ስንደርስ ወርጄ ረዳቱን ጠየቅሁት።

«ያ የአህያው ኩርባ የቱ ጋ ነበር?»

«አልፈነው ስንት ሰዓት ሆነን ጋሼ! ልጁ እኮ ከነአህያው እዚያው ቆሞ ነበር፤ በእርስዎ መስኮት በኩል። እጁን እያውለበለበልዎት።»